ለማቪክ ፕሮ ኮፒ ባትሪ ወይስ ካርቶን ውስጥ የቆየ ኦሪጅናል? ድሬዳዋ ላይ የሞከራችሁ

የከዚራ ካሜራ
ቅዳሜ፣ ማታ 3፡20

ሰላም ቤተሰብ። ትንሽ ይረዝማል፤ ነገሩን ከሥሩ ካላወቃችሁት ግን የምትሰጡኝ መልስ አይጠቅመኝም ብዬ ነው።

ድሬዳዋ የሰርግ ቪዲዮ እሠራለሁ። ድሮኔ የመጀመሪያው ማቪክ ፕሮ ነው፤ ፈቃድ አለው። እድሜው ሄዷል፣ ግን ምስሉ ለሥራዬ ይበቃል፤ አዲስ ልግዛ ብል ደግሞ አሁን እጄ ላይ ያለው አይበቃም። ያስቸገረኝ ባትሪው ነው። ከድሮኑ ጋር የመጡት ሦስት ነበሩ። ሁለቱ አብጠው ከሥራ ወጡ፤ አንዱ እስካሁን ያገለግለኛል፣ 118 ጊዜ ቻርጅ ተደርጓል። በአንድ ባትሪ ደግሞ ሰርግ አይሠራም። ሙሽሮቹ ከቤት ሲወጡ አለ፣ መናፈሻው አለ፣ አዳራሽ ሲገቡ አለ። ስለዚህ ባለፈው ወር ሁለት ጨመርኩ። አንዱ የሌላ ፋብሪካ ኮፒ ነው፣ የኦሪጅናሉን ግማሽ ዋጋ አይሞላም። ሌላው "ካርቶኑ ያልተከፈተ ኦሪጅናል" ተብሎ በውድ የተሸጠልኝ ነው። ሻጮቹን አልጠራም፤ ጥያቄዬ ስለ ባትሪው ነው።

ዛሬ የሆነውን ልንገራችሁ። ሙሽሮቹን ደቻቱ ዳር፣ ድልድዩ አጠገብ እያነሳሁ ነበር። ሰዓቱ ጠዋት አምስት ተኩል፤ የግንቦትን ፀሐይ ታውቁታላችሁ። የገባው ኮፒው ባትሪ ነው። 38 ፐርሰንት ላይ እያለ ከፍ ላድርገው ብዬ የሪሞቱን ዱላ ስገፋ ሪሞቱ ጮኸ፤ ቁጥሩ ዓይኔ እያየ 9 ገባ፣ ድሮኑም በራሱ መውረድ ጀመረ። ከሥሩ የሙሽራዋ እህቶች ቆመዋል። "ዞር በሉ!" ብዬ መጮኼን ነው የማስታውሰው። እንደምንም ወደ ወንዙ አሸዋ ገፋሁትና እዚያ አረፈ። ሰው አልተነካም፤ ድሮኑም ከአንድ ፕሮፔለር በቀር ደህና ነው። እኔ ግን ይኸው እስካሁን እጄ ይንቀጠቀጣል።

ኮፒ ባትሪ ሁሉ እንደዚህ ነው? ካርቶን ውስጥ የቆየውን ኦሪጅናልስ ልመነው? እሱን ገና አንድ ጊዜ ነው ያበረርኩት። የዛሬ ሳምንት ሌላ ሰርግ ይዣለሁ።


ሳቢያን 07
ቅዳሜ፣ ማታ 3፡41

እንኳን ማንም ሳይጎዳ ቀረ። ኮፒውን ጣለው። ሌላ ምክር የለኝም።


ለገሀሬ
ቅዳሜ፣ ማታ 4፡05

አቦ በአንድ ቃል "ጣለው" ማለትማ ይቀላል። ሁሉም ሰው ኦሪጅናል ያገኛል እንዴ? እኔ ፋንተም 4 ነው ያለኝ። የመጣው በ2016 እ.ኤ.አ. ነው፤ ዛሬ አዲስ ኦሪጅናል ባትሪ ፈልግ ብትሉኝ የት ሄጄ? ሁለት ዓመት በኮፒ ሠርቻለሁ፣ አንድም ቀን አልወደቀብኝም። ምክንያቱ ባትሪው ስለሚያስመካ አይደለም፤ ጠባዩን ስለማውቅ ነው። 45 ሲል አወርደዋለሁ፣ አንድ ደቂቃ አልጨምርበትም። ወንድሜ፣ የአንተ ችግር ባትሪውን ሳታውቀው ሰርግ ላይ ማስገባትህ ይመስለኛል። አትቀየመኝ።


የከዚራ ካሜራ
ቅዳሜ፣ ማታ 4፡12

አልቀየምም፣ እውነትህን ነው። ከሰርጉ በፊት ግቢዬ ውስጥ ሁለት ጊዜ ብቻ ነው ያስነሳሁት፤ ያውም ከ70 በታች ሳይወርድ።


ጀጎል ከላይ
እሑድ፣ ጠዋት 1፡50

እኔ ሐረር ነኝ፣ የማበርረው ኤር 2ኤስ ነው። ኮፒ ባትሪ ገዝቼ አላውቅም፣ አልገዛምም። ምክንያቴን ልንገራችሁ። ጀጎል ውስጥ ስታበሩ ከሥራችሁ ባዶ መሬት የለም። ግንቡ ውስጥ ያሉት መንገዶች ሁለት ሰው ጎን ለጎን የሚያሳልፉት በግድ ነው፤ በየግቢው ልጆች አሉ፣ በየበሩ እናቶች ተቀምጠዋል። ድሮኑ "አሁን ልውረድ" ቢለኝ የማወርድበት የደቻቱ አሸዋ የለኝም። ስለዚህ ለባትሪ የምከፍለውን የሥራው ወጪ ውስጥ አስገብቼ ደንበኛዬን እጠይቃለሁ። ሰርግ የሚደግሰው ሰው ለአበባ ስንት እንደሚከፍል አስቡት።

ለገሀሬ፣ የአንተ ሞዴል ኦሪጅናል እንደማይገኝለት ይገባኛል። እንደዚያ ከሆነ ግን በዚያ ድሮን ሰው በተሰበሰበበት አናት ላይ አታብርር ነው የምልህ። ተራራ አንሳ፣ ባቡር አንሳ። ደንገጎን አንሳ፣ እንዴት ያለ ቦታ ነው።


የቴስተር ሰው
እሑድ፣ ቀን 7፡30

ልጄ፣ ሰው ስላልተነካ ተመስገን። ኤሌክትሮኒክስ ስጠግን ብዙ ዓመቴ ነው፤ ድሮን ራሴ አላበርም፣ ባትሪያቸውን ግን ከፍቼ አይቻለሁ። እስቲ ላስረዳ።

የማቪክ ፕሮ ባትሪ በተከታታይ የተያያዙ ሦስት ሴሎች ነው። ላዩ ላይ 11.4 ቮልት፣ 3830 ሚሊአምፒር ሰዓት፣ 43.6 ዋት ሰዓት ይላል። ሙሉ ሲሆን እያንዳንዱ ሴል 4.35 ቮልት ይደርሳል፤ ሦስቱ ሲደመሩ 13.05። ከሴሎቹ ጋር አንዲት ሰሌዳ አለች። ሴሎቹን ታመጣጥናለች፣ ሙቀት ትለካለች፣ ስንት ፐርሰንት እንደቀረም ለድሮኑ ትናገራለች። ኮፒ የሚሠራ ሰው ሴሉንም ሰሌዳዋንም አስማምቶ መሥራት አለበት። አንዱ ደህና ሆኖ ሌላው ከወደቀ ባትሪው ውሸታም ይሆናል።

ፐርሰንት የምትናገረውን ሰሌዳ የበርሜል ጠባቂ አድርገህ አስባት። በርሜሉ ስንት እንደሚይዝ አስቀድሞ ተነግሯታል፤ ከዚያ የወጣውን እየቀነሰች የቀረውን ትነግርሃለች። 3830 ይይዛል ተብሎ ተነግሯት የውስጡ ሴል የሚይዘው 2700 ብቻ ቢሆን፣ በርሜሉ ደርቆ እሷ ገና 30 ፐርሰንት ገደማ አለ ትላለች። ቮልቱ ሲወድቅ ነው የምትነቃው፤ ያኔ ቁጥሩን ባንዴ ታወርደዋለች። ከ38 ወደ 9 የዘለለብህ በዚህ ይመስለኛል።

ያ የሆነው ዱላውን ወደ ላይ ስትገፋ መሆኑ ደግሞ ሌላ ነገር ይነግረኛል። ፋብሪካው ነፋስ በሌለበት 24 ደቂቃ ይንሳፈፋል ይላል። 43.6 ዋት ሰዓትን ለ24 ደቂቃ ብታካፍለው ዝም ብሎ ለመንሳፈፍ ብቻ 109 ዋት ይበላል፤ ይህ ከ9 አምፒር ተኩል በላይ ነው። ወደ ላይ ስትወጣ ይጨምራል። ሴሉ አርጅቶ ወይም ከመነሻው ደካማ ሆኖ የውስጥ ሬዚስታንሱ (ኤሌክትሪኩን የሚያግደው ነገር) በ20 ሚሊኦም ቢበልጥ፣ 10 አምፒር ሲሳብ ከእያንዳንዱ ሴል 0.2 ቮልት ይጠፋል። ጠረጴዛ ላይ በቴስተር ስትለካው ግን ምንም አይታይህም፤ ጤነኛ ይመስላል። ባትሪ የሚታወቀው ሸክም ሲሸከም ነው።

ስለዚህ እንዲህ አድርግ። ጠዋት ፀሐይ ሳይጠነክር ሰው የሌለበት ሜዳ ሂድ። ባትሪውን ሙሉ አድርገህ ሁለት ሜትር ላይ አንሳፍፈው፣ አታንቀሳቅሰው። አፑ ውስጥ የባትሪ ገጽ ላይ የሦስቱ ሴሎች ቮልት ለየብቻ ይታያል። በየ10 ፐርሰንቱ ሦስቱንም ቁጥርና ደቂቃውን ጻፍ። የትኛውም ሴል 3.4 ሲደርስ፣ ወይም አንዱ ሴል ከሌሎቹ በ0.1 ቮልት ሲለይ፣ ፐርሰንቱ ምንም ይበል አውርደው። ሦስቱንም ባትሪዎች እንደዚያ አድርገህ ቁጥሩን እዚህ አምጣው። ያኔ በስም ሳይሆን በቁጥር እንነጋገራለን።

ሳልረሳው፣ መዝናቸው። ኦሪጅናሉ 240 ግራም ገደማ ነው። በጣም የቀለለ ከሆነ ውስጡ የጎደለ ነገር አለ።


ፊዚክስ ድሬ
እሑድ፣ ማታ 1፡15

ጋሼ ያሉት ላይ አንድ ነገር ልጨምር፤ የእኛ አገር አየር ራሱ ባትሪ ይበላል። አስተማሪ ስለሆንኩ ስሌቱን ካልሠራሁ እንቅልፍ አይወስደኝም።

ፋብሪካ የሚጽፈው ደቂቃ በእኛ ሁኔታ የተለካ አይደለም። በባሕር ወለል ከፍታ በ15 ዲግሪ አንድ ሜትር ኩብ አየር 1.225 ኪሎ ይመዝናል። ድሬዳዋ 1200 ሜትር ገደማ ላይ ናት፤ ቀን 35 ዲግሪ ሲሆን አየራችን ወደ 0.99 ኪሎ ይወርዳል። ፕሮፔለር የሚገፋው አየር ሲሳሳ በፍጥነት መሽከርከር አለበት፤ ለመንሳፈፍ የሚያስፈልገው ጉልበት በስሌት 11 ፐርሰንት ያህል ይጨምራል። ሐረር ብዙ ሰው "ቀዝቃዛ ናት፣ ለባትሪ ትሻላለች" ይላል። ለባትሪው ጤና አዎ። ለፕሮፔለሩ ግን ከፍታዋ 1885 ሜትር ስለሆነ በ22 ዲግሪም ቢሆን አየሩ 0.95 ገደማ ነው፣ ከድሬ ቀትር ጋር የሚቀራረብ። እኛ በሙቀቱ ያጣነውን እነሱ በከፍታው ያጡታል።

ስለዚህ 27 ደቂቃ ይበራል የተባለ ድሮን እዚህ 20 ቢሞላ አትዘኑበት። ደካማ ባትሪ ሲሆን ደግሞ ይህ 11 ፐርሰንት ጭማሪ ከገደሉ የሚገፈትረው ነው። ሌላ አገር ያለ ሰው "ይህ ኮፒ ደህና ነው" ብሎ ቢመሰክርላችሁ የእሱ አየር የእኛ አየር አይደለም።


ጀጎል ከላይ
እሑድ፣ ማታ 1፡40

ይህን አላውቅም ነበር፤ ሐረር ላይ ከተጻፈው ሁልጊዜ የሚያንሰኝ ለምን እንደሆነ አሁን ገባኝ። አመሰግናለሁ።

ሌላ የታዘብኩት፦ ድሬ ለሥራ ስወርድ ሐረር ላይ ሙሉ ቻርጅ አድርጌ ነው የምይዛቸው። ደንገጎን ወርጄ መኪናው ፀሐይ ላይ ከቆመ ባትሪው ሳይነሳ ትኩስ ይሆናል። አንድ ቀን በርሬ እንደወረድኩ ቻርጀር ላይ ብሰካው እምቢ አለኝ፤ ተበላሸ ብዬ ስደነግጥ ለካ ሙቀቱ ነው። ከ5 እስከ 40 ዲግሪ ውስጥ ካልሆነ አይቀበልም። አሁን በረዶ የሌለበት የበረዶ ሳጥን ውስጥ በፎጣ ጠቅልዬ ነው የምይዛቸው። በረዶ አትጨምሩበት፤ ያልበዋል፣ እርጥበቱ መገናኛው ላይ ይገባል።


ለገሀሬ
ሰኞ፣ ጠዋት 2፡10

ልጅ ፊዚክስ፣ አንተን የመሰለ አስተማሪ ቢኖረኝ ኖሮ አልወድቅም ነበር። እኔ 45 ላይ የማወርደው በልምድ ነበር፤ ምክንያቱን ዛሬ አገኘሁት።

ጀጎል፣ ሰው አናት ላይ አታብርር ያልሽውን ሌሊቱን አሰብኩበት። እውነት አለሽ። እኔም ብዙ ጊዜ ከሰው ራቅ ብዬ ነው የማነሳው፣ ግን "ብዙ ጊዜ" አይበቃም።


የከዚራ ካሜራ
ረቡዕ፣ ጠዋት 4፡00

ጋሼ እንዳሉኝ አደረግሁ። ሰኞ፣ ማክሰኞና ዛሬ፣ በየቀኑ አንድ ባትሪ፣ ጠዋት 12 ሰዓት ተኩል ላይ፣ ነፋስ ሳይነሳ። ሦስቱንም አንድ ቀን ያልሞከርኩት ሙቀቱ እንዳይለያይ ብዬ ነው። ወርቅ ቤት የሚሠራ ጓደኛዬ ጋ ወስጄም አስመዘንኳቸው።

አሮጌው ኦሪጅናል፣ 118 ጊዜ ቻርጅ የተደረገው፦ 239 ግራም። 50 ፐርሰንት ላይ ሴሎቹ 3.72፣ 3.71፣ 3.70። 30 ላይ ሲደርስ 13 ደቂቃ ሆኖታል፤ ሦስቱም አብረው ነው የሚወርዱት።

ኮፒው፦ 221 ግራም። 80 ላይ ምንም አይልም። 50 ላይ 3.55፣ 3.54፣ 3.54። ሦስቱ እኩል ናቸው፣ ግን ሁሉም ዝቅ ብለዋል። 40 ላይ 3.39 ሲሆን አወረድኩት፤ 9 ደቂቃ።

ካርቶን ውስጥ የነበረው "አዲስ" ኦሪጅናል፦ 240 ግራም። እዚህ ላይ ነው የደነገጥኩት። 70 ላይ 3.83፣ 3.82፣ 3.76። 50 ላይ 3.70፣ 3.69፣ 3.55። አንዱ ሴል ብቻውን እየሰመጠ ነው። 45 ላይ አወረድኩት፤ 10 ደቂቃ። አፑ ግን ቻርጅ የተደረገው 3 ጊዜ ነው ይላል፤ ለሰርግ ቀን ያሰብኩት እሱን ነበር።

ጋሼ፣ ምን ማለት ነው ይህ? ኮፒው እኩል ወርዶ ኦሪጅናሉ ተዛባ?


ሳቢያን 07
ረቡዕ፣ ጠዋት 4፡25

እኔ ኮፒ ጣለው ብዬ ወደ ካርቶኑ ልልክህ ነበር። ይቅርታ።


የቴስተር ሰው
ረቡዕ፣ ቀን 8፡45

ጎበዝ። እንዲህ ጽፎ የሚያመጣልኝ ደንበኛ ቢኖረኝ ሥራዬ ግማሽ በሆነ።

ኮፒው ግልጽ ነው። 221 ግራም ማለት 19 ግራም ጎሏል፤ ሴሎቹ ትንንሽ ናቸው ወይም የለበሱት ነገር ሳስቷል። ሦስቱ እኩል ሆነው መውረዳቸው በአንድ ጊዜ የተሠሩ፣ ተመሳሳይ ሴሎች መሆናቸውን ይነግረኛል። ውሸቷ ያለው ሰሌዳዋ ላይ ነው፤ በርሜሉ ትልቅ ነው ተብላ ተነግሯታል። እንዲህ ያለ ባትሪ አውቀኸው ከሠራህበት ያሠራሃል፣ ለገሀሬ እንደሚያደርገው። 50ን እንደ ባዶ ቁጠረው።

የካርቶኑ ግን አንተን ያስደነገጠህን ያህል እኔን አላስደነገጠኝም። እስቲ ቁጠር። ማቪክ ፕሮ የወጣው በ2016 እ.ኤ.አ. ነው። ማቪክ 2 በነሐሴ 2018 እ.ኤ.አ. ሲመጣ የእሱ ዘመን አለቀ። ዛሬ "ያልተከፈተ" ተብሎ የሚሸጥ ባትሪ ስንት ክረምትና በጋ መጋዘን ውስጥ እንዳሳለፈ ገምት፤ ያውም የማን መጋዘን፣ ምን ያህል ሙቀት። ሊቲየም ባትሪ ሳይሠራበትም ያረጃል። በ40 ዲግሪ ሙሉ ሆኖ አንድ ዓመት የተቀመጠ ሊቲየም ባትሪ ከመያዝ አቅሙ 65 ፐርሰንት ያህሉ ነው የሚቀረው፤ በዚያው ሙቀት 40 ፐርሰንት ተሞልቶ ቢቀመጥ 85 ያህል ይቀርለታል። በ25 ዲግሪ 40 ላይ ቢቀመጥ ደግሞ 96። ከላይ የተጻፈው ቁጥርም ፋብሪካውም አንድ ነው፤ ለይቶ የሚያስረጀው ሙቀቱና እንዴት ተሞልቶ መቀመጡ ነው። በጣም ባዶ ሆኖ መቆየትም ይጎዳዋል። ሦስት ሴል አብሮ ሲቀመጥ አንዱ ቀድሞ ሊደክም ይችላል፣ ያንን ነው ያየኸው። ቻርጅ የተደረገው 3 ጊዜ ብቻ መሆኑ ሥራ አልሠራም ማለት እንጂ ወጣት ነው ማለት አይደለም።

መጀመሪያ ስትከፍተው መብራቱን ተጭነህ ዝም ብሎህ ነበር? ቻርጀር ሲገባ ነው የነቃው?


የከዚራ ካሜራ
ረቡዕ፣ ቀን 9፡02

አዎ ጋሼ! ምንም መብራት አልነበረውም፣ ቻርጀር ላይ ሳደርገው ነው የነቃው። ሻጩ "አዲስ ሁሉ እንደዚህ ነው" አለኝ።


የቴስተር ሰው
ረቡዕ፣ ቀን 9፡10

እሱ እውነቱን ነው፤ አዲስ ባትሪ ተኝቶ ነው የሚመጣው፣ ቻርጀር ነው የሚያነቃው። መተኛቱ ችግር የለውም። ስንት ዓመት ተኛ የሚለውን ግን መብራቱ አይነግርህም። ወደ ሻጩ ይዘህለት ሂድ፣ ቁጥሩን አሳየው። ሰው ከሆነ ይቀበልሃል።

ከወሰድከው በኋላ በፍጹም የማታደርገው ነገር፦ አንዱን ሴል ብቻ አውጥቶ በሌላ የሚቀይር አለ፣ "እንደ አዲስ አደርግልሃለሁ" ይልሃል። እኔም ለስልክ ሠርቼዋለሁ። ለሚበር ነገር ግን አልሠራም። አዲስ ሴል ከአሮጌ ጋር ሲያያዝ አይስማሙም፤ ሰሌዳዋም የምታስታውሰው የድሮውን ነው። በዚያ ላይ የሴሉ ቀጭን ጆሮ ብየዳ አይወድም፣ ትንሽ ከሞቀ ውስጡ ይጎዳል።


ደንገጎ ነፋስ
ረቡዕ፣ ማታ 2፡30

ዘግይቼ ገባሁ፣ ይቅርታ። አንድ ያልተነሳ ነገር አለ፤ መቆለፊያው። ኮፒ ባትሪ አንዳንዱ በልክ አይገባም። ግራና ቀኝ ያሉት ሁለቱ መቆለፊያዎች "ቀጭ" ካላሉና ባትሪው በጣት ሲነካ ከተንቀሳቀሰ አታስነሱት። ሙሉ ባትሪም ቢሆን አየር ላይ ለቅጽበት ከተለየ አለቀ። ጎፕሮ በ2016 እ.ኤ.አ. ካርማ የሚባል ድሮን አውጥቶ፣ ኅዳር ላይ ገና ከመውጣቱ 2500 ያህሉን ከገዢዎች ሰበሰበ፤ ምክንያቱ አየር ላይ ኃይል ማጣታቸው ነበር። ያም ከባትሪው መቆለፊያ ጋር የተያያዘ ሆኖ ተገኘ፤ መቆለፊያውን ቀይረው ነው በሚቀጥለው ዓመት የተመለሱት። ያም ኦሪጅናል ባትሪ ነበር፣ የራሱ የፋብሪካው።

ወንድሜ፣ የኮፒህን መቆለፊያ አይተኸዋል?


የከዚራ ካሜራ
ረቡዕ፣ ማታ 2፡50

አሁን አየሁት። አንዱ ጎን ይቆለፋል፣ ሌላው ጎን ደግሞ በአውራ ጣቴ ስጫነው ትንሽ ይነሳል። ደቻቱ ላይ አየር ላይ ሳለ ቢወጣ ኖሮ ብዬ ሳስብ ሰውነቴ ቀዘቀዘ።


ለገሀሬ
ረቡዕ፣ ማታ 2፡55

እሱን አታስነሳው በቃ። እኔ ኮፒ ጠበቃ ነበርኩ፤ የማይቆለፍ ባትሪ ግን ጠበቃ የለውም። ነገ የራሴን ሁሉ አንድ በአንድ አያለሁ።


አዲስ አብራሪ
ሐሙስ፣ ጠዋት 3፡15

ሰላም፣ ጀማሪ ነኝ። ሚኒ 2 አለኝ። አንዱ ባትሪዬ ትንሽ አብጧል። የስልክ ባትሪ ሲያብጥ በመርፌ የሚያስተነፍሱ አይቼ ነበር፤ ይህንንስ ይቻላል?


የቴስተር ሰው
ሐሙስ፣ ጠዋት 3፡22

እንዳትነካው! መርፌ አታስጠጋበት። ውስጡ ያለው ጋዝ ተቀጣጣይ ነው፤ መርፌው ውስጥ ያሉትን ንጣፎች ካገናኘ በእጅህ ላይ ይነድዳል፣ ልታጠፋውም አትችልም። ቻርጅም አታድርገው። በደረቅ አሸዋ በተሞላ የብረት ጣሳ ውስጥ አድርገህ ከቤት ውጭ፣ ጥላ ቦታ፣ ልጆች የማይደርሱበት አስቀምጠው። ቆሻሻ ላይ እንዳትጥለው፤ የእኛ ሰፈር ቆሻሻ እንደሚቃጠል ታውቃለህ። ለእኔ ዓይነት ሠራተኛ ስጠው፣ በዝግታ አውርደን እናስወግደዋለን።

የከዚራ ካሜራ፣ ያበጡት ሁለቱ የት ናቸው? ጣልኳቸው አላልክም፣ ከሥራ ወጡ ነው ያልከው።


የከዚራ ካሜራ
ሐሙስ፣ ጠዋት 3፡40

መሳቢያ ውስጥ፣ ከካሜራዎቼ ጋር። አሁኑኑ ላወጣቸው ነው።


ጀጎል ከላይ
ሐሙስ፣ ጠዋት 4፡05

እኔም አንድ አለኝ፣ የት እንዳለ እንኳ አላስታወስኩም ነበር። እፈልገዋለሁ።

በነገራችን ላይ ለሁላችሁም፦ በአውሮፕላን ስትሄዱ ትርፍ ባትሪ ከሻንጣ ጋር አይላክም፣ በእጅ ነው የሚያዘው። ከ100 ዋት ሰዓት በታች ያለው ይፈቀዳል፤ የማቪክ ፕሮ 43.6 ነው፣ የእኔ 40.42 ነው፣ የፋንተም 4 ደግሞ 81.3። የብረት መገናኛውን በፕላስተር ሸፍኑት። ላዩ ላይ ዋት ሰዓት ያልተጻፈበት ኮፒ ፍተሻ ላይ ሊያስቸግራችሁ ይችላል። ከተጻፈም አባዙት፤ ቮልቱ በአምፒር ሰዓቱ ሲባዛ ዋት ሰዓቱን ካልሰጠ የጻፈው ሰው አላሰበበትም፣ ባትሪውንም እንዲሁ ነው የሠራው ማለት ነው።


ፊዚክስ ድሬ
ሐሙስ፣ ጠዋት 4፡30

የማባዛቱን ነገር ወደድኩት። ለምሳሌ ለዚሁ ማቪክ ፕሮ "5000" የሚል ኮፒ ብታገኙ፣ 11.4 ሲባዛ በ5 አምፒር ሰዓት 57 ዋት ሰዓት ነው። ኦሪጅናሉ በ240 ግራም 43.6 ነው የያዘው። በዚያው ክብደት 57 ይዣለሁ የሚላችሁን አትመኑት።


የከዚራ ካሜራ
ዓርብ፣ ማታ 12፡50

ሻጩ ጋ ሄድኩ። የጻፍኩትን ቁጥር ከነደቂቃው አሳየሁት፤ መጀመሪያ አልተዋጠለትም፣ በኋላ አፑን ከፍቼ እዚያው ሱቁ በር ላይ፣ መሬት ሳይለቅ ፕሮፔለሩን አዙሬ ሦስተኛው ሴል ሲሰምጥ በዓይኑ አየ። ግማሹን ገንዘብ መለሰልኝ። ሙሉውን አልጠበቅሁም።

ነገ ሰርግ ነው። ያለኝ አንድ አሮጌ ኦሪጅናል ብቻ ስለሆነ ለሙሽራው ወንድም ደውዬ ነገርኩት፤ በድሮን የሚነሳው ሙሽሮቹ ከዛፎቹ ሥር በእግር ሲሄዱ ብቻ ነው፣ አዳራሹ በትከሻ ካሜራ ይሆናል አልኩት። ቅር ይለዋል ብዬ ነበር። "ከሥሩ የሚቆሙት የእኔ እናትና እህቶች አይደሉ? አንተ እንዳልከው ይሁን" አለኝ።

አንድ ጥያቄ ቀረኝ ጋሼ። ነገ በድንገት በራሱ መውረድ ቢጀምርስ? ደቻቱ ላይ ያዳነኝ ዕድል ይሁን እኔ አላውቅም።


ደንገጎ ነፋስ
ዓርብ፣ ማታ 1፡20

ይህን እኔ ልመልስልህ፣ ደርሶብኛል። በራሱ ሲወርድ ሪሞቱ ከእጅህ አልወጣም። ቀኙ ዱላ ወደ ጎን ይወስደዋል፤ ግራውን ወደ ላይ ገፍተህ ብትይዘው መውረዱን ያዘገየዋል። ነገር ግን ያንን ጊዜ የምትገዛው ባዶ ቦታ ላይ ለማድረስ ብቻ ነው፤ ወደ ቤት ልመልሰው ብለህ ከታገልከው ያለችውን ጥቂት ጨርሶ ይወድቃል። ከመነሳትህ በፊት ሰው የማይቆምበት ባዶ ቦታ ምረጥ፣ ረዳትህንም እዚያ አቁመው ሰው እንዳይገባበት። ደቻቱ ላይ ሳታውቀው ያደረግከው ይህንኑ ነው።


የቴስተር ሰው
ዓርብ፣ ማታ 1፡45

ጥሩ ተናግሯል። እኔ የምጨምረው፦ ዛሬ ማታ ሙሉ አድርገህ አታሳድረው። ነገ ጠዋት ቻርጅ አድርገው፣ ለብ ሳይል ጥላ ውስጥ ይዘኸው ሂድ። መብራት ሄዶ በጄኔሬተር የምትሞላ ከሆነ ስታብላይዘር አስገባበት።


የከዚራ ካሜራ
እሑድ፣ ጠዋት 3፡30

ተሠራ። ከዚራ፣ ጠዋት ሁለት ሰዓት ላይ፣ ፀሐዩ ሳይበረታ። ሁለት ጊዜ አስነሳሁት፣ በመሃል ጥላ ውስጥ ሃያ ደቂቃ አሳረፍኩት። 42 ላይ አወረድኩት፤ ሴሎቹ 3.68፣ 3.67፣ 3.66። ረዳቴ ባዶውን ቦታ ሲጠብቅ አንድ ባጃጅ ልትገባ ስትል አስቆማት።

ያበጡት ሁለቱ ደቻቱ አሸዋ ውስጥ ጣሳ ላይ ናቸው፣ ጋሼ። ማክሰኞ ይዤአቸው እመጣለሁ፤ ኮፒውንም አብሬ።